ቪዮላውን አድምጡ፦ የቼክ ኳርቴት ኮንሰርት ከውስጥ ሲታይ

ከፕራግ ወይም ከብርኖ የመጣ የአውታር ኳርቴት፣ ማለትም ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ አራት ሰዎች ቡድን፣ መድረክ ላይ ሲወጣ የታዳሚው ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው በግራ ጫፍ በተቀመጠው አንደኛ ቫዮሊን ላይ ነው። ከፍተኛውን ዜማ የሚይዘውም ጎልቶ የሚሰማውም እሱ ነውና አያስገርምም። የሚጫወቱት የቼክ ሙዚቃ ከሆነ ግን ጆሮን ሌላ ቦታ ማሳረፍ ይሻላል። ከቫዮሊን ተለቅ ያለ፣ ድምፁ ጠቆር ያለ፣ በብዙዎች ሥራ ውስጥ አጃቢ ሆኖ የሚቀር መሣሪያ አለ፤ ቪዮላ ይባላል። ከቼክ የሙዚቃ ደራሲዎች ሦስቱን እንውሰድ። ስሜታና የሕይወት ታሪኩን በኳርቴት (ለአራቱ የተጻፈው ሥራም እንዲሁ ይባላል) ሲተርክ የመጀመሪያውን ዜማ የሰጠው ለቪዮላ ነው። ድቮርዣክ «አሜሪካ» የሚባለውን ኳርቴቱን የከፈተው በቪዮላ ነው። ያናቼክ የመጨረሻ ኳርቴቱን ሲጽፍ ቦታውን ለቪዮላ የሩቅ ዘመድ አስቦት ነበር። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ኳርቴት ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል።

ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ በአውሮፓ ቋንቋዎች «ቻምበር» ይባላል። በእኛ አነጋገር «የእልፍኝ ሙዚቃ» ብንለው ልክ ይሆናል። አዳራሽ ለግብርም ለሕዝብም ነው፤ እልፍኝ ግን ጥቂት ሰዎች ቀረብ ብለው የሚጨዋወቱበት ክፍል ነው። ኳርቴትም መጀመሪያ የተጻፈው ለመኖሪያ ቤት ነው። ዮሴፍ ሃይድን በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የመጀመሪያዎቹን የጻፈው በአንድ ባላባት ቤት ለተሰበሰቡ አራት ሰዎች ነው፤ ኋላ 68 ያህል ኳርቴቶችን ጽፎ መልኩን አጸና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ትኬት ተቆርጦ በትልቅ አዳራሽ ቢሰማም ጠባዩ አልተለወጠም። አራቱ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ እኛም ከጎን ተቀምጠን እንሰማለን።

አራቱ መሣሪያዎች

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ ናቸው። እያንዳንዳቸው 4 ክር አላቸው። የቫዮሊኑ ክሮች ከታች ወደ ላይ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። የቪዮላው ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ሲሆኑ፣ የቼሎውም እነዚያው ሆነው አንድ ስምንትዮሽ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ወርደው ይገኛሉ። ክሮቹ በደጋን ይፈተጋሉ። ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ደጋን ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት እንጨት ነው። በማሲንቆ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ግን ጭራው በደጋኑ ላይ ብቻ ነው፤ ክሮቹ ከብረት፣ ከሰው ሠራሽ ጭረት ወይም ከአንጀት የተሠሩና አብዛኞቹ በቀጭን ብረት የተጠቀለሉ ናቸው። በአንድ ደጋን ላይ ከ150 እስከ 200 የሚሆን ጭራ ይወጠራል። ጭራው የዛፍ ሙጫ ካልተቀባ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። የቫዮሊን ደጋን ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው፤ የቪዮላው 70፣ የቼሎው 80 ይደርሳል። ይህች የ10 ግራም ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ የተጫዋቹ ክንድ ግን ወዲያው ያውቃታል።

ቪዮላ ድምፁ ለምን እንደጠቆረ በልኬት ማስረዳት ይቻላል። የቫዮሊን ሆድ ርዝመቱ 35.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቪዮላ ከቫዮሊን በሙዚቃ «አምስተኛ» በሚባለው ርቀት (ለምሳሌ ከሶል ወርዶ እስከ ዶ) ዝቅ ብሎ ስለሚቃኝ፣ እንደ ቫዮሊን በነጻነት እንዲጮኽ ከተፈለገ ሆዱ አንድ ጊዜ ተኩል ሊያድግ፣ ማለትም ወደ 53 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባው ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአገጭና በትከሻ ተይዞ አይጫወትም። ስለዚህ ሠሪዎች በ38 እና በ43 መካከል ያቆሙታል። የቪዮላ ድምፅ ትንሽ የታፈነና የሻከረ፣ ከሰው መካከለኛ ድምፅ ጋር የሚቀራረብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ለእኛ ግን የመሣሪያው ውበት እዚያው ጉድለት ውስጥ ነው፤ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ከውስጥ፣ ክሮቹን ተሸክሞ ከሚያቆመው በርኩማ አጠገብ፣ ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው የቆመች የእርሳስ ውፍረት ያላት እንጨት አለች። ቼኮች «ዱሼ» ይሏታል፤ ነፍስ ማለት ነው። በሙጫ አልተጣበቀችም፤ የቆመችው ክሮቹ በርኩማውን ወደ ታች ስለሚጫኑት ነው። ስለዚህ ሁሉም ክሮች በአንድ ጊዜ ከላሉ ልትወድቅ ትችላለች፤ ያኔ ያለ ባለሙያ አትመለስም። ከመንገድ በፊት «ክሮቹን አላላቸው» የሚል ምክር ስትሰሙ ይህን አስታውሱ፤ በጥቂቱ እንጂ ፈጽሞ አይላሉም።

መሪ ሳይኖር አብሮ መጀመር

ኦርኬስትራ ዘንግ የያዘ መሪ አለው። ኳርቴት የለውም፤ በእጅ የሚመታ ጊዜም፣ ከበሮም የለውም። ታዲያ አራት ሰው በአንድ ቅጽበት እንዴት ይጀምራል? በትንፋሽ ነው። የሚያስጀምረው ሰው፣ ብዙ ጊዜ አንደኛ ቫዮሊኑ፣ ከመጀመሪያዋ ድምፅ አንድ ምት ቀድሞ በአፍንጫው አየር እየሳበ መሣሪያውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። የዚያች ትንፋሽ ርዝመት የአንዲት ምት ርዝመት ናት። ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ከሆነ ሙዚቃውም ፈጣን ነው፤ ረጅምና ለስላሳ ከሆነ ዝግ ያለ ነው። ፊተኛው ረድፍ ከተቀመጣችሁ ትሰሙታላችሁ። ጀማሪ ኳርቴት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አስጀማሪው ምልክቱን በጭንቅላቱ ብቻ ሲሰጥና ትንፋሹ ከምቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ አራቱ ድምፆች እንደ ተበተነ ሽንብራ ተራ በተራ ይወርዳሉ።

ከተጀመረ በኋላ ጊዜውን የሚጠብቀው በአብዛኛው ከታች ነው። ቼሎው መሠረት ይጥላል፤ በቼሎውና በአንደኛ ቫዮሊኑ መካከል ያለውን የሚሞሉት ሁለተኛ ቫዮሊንና ቪዮላ ናቸው። ሞተሩ ያለው እነዚህ ሁለቱ ጋ ነው ብንል አላጋነንም። ዜማው በላይ ሲንሳፈፍ እነሱ በፍጥነት የሚደጋገሙ አጫጭር ድምፆችን ይይዛሉ፤ ዜማ ያዡ ትንሽ ልዘግይ ቢል ተከትለውት የሚዘገዩት ወይም ገፋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ ቫዮሊን በተለይ ከባድ ሥራ ነው። አንዴ የአንደኛው ጥላ፣ አንዴ የቪዮላው ባልንጀራ ይሆናል፤ በመካከሉም ለሁለት መስመር ያህል ብቻውን ጎልቶ መልሶ ይሰወራል።

በልምምድ ላይ ብዙ ሰዓት የሚበላው ደጋን ነው። ደጋን ሲወርድና ሲወጣ ክብደቱ ይለያያል፤ ወደ ታች ሲሳብ በተፈጥሮው ይከብዳል፣ ወደ ላይ ሲገፋ ይቀላል። አራቱም አንድን ሐረግ በአንድ አቅጣጫ ካልተጫወቱ ንግግሩ አራት ዘዬ ይኖረዋል። ስለዚህ የትኛው ድምፅ በየት አቅጣጫ፣ በደጋኑ የትኛው ክፍል፣ ከበርኩማው ምን ያህል ርቆ እንደሚጫወት በእርሳስ በየኖታቸው ላይ ይጽፋሉ። ደጋኑ ወደ በርኩማው ሲጠጋ ድምፁ ስለታም ይሆናል፤ ወደ ጣት ሰሌዳው ሲርቅ ይለሰልሳል። ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጠቅመው መንገድ ክርክር ሳይሆን ሁለቱንም መንገድ ተጫውቶ መስማት ነው።

ቅኝቱ ለምን አስቸጋሪ ሆነ

ፒያኖ አንዴ ከተቃኘ ተጫዋቹ ድምፁን አያንቀሳቅሰውም። በእነዚህ መሣሪያዎች ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ በብረት አልተከፋፈለም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የጣት ፈቀቅታ ይሰማል። ከዚህ ሌላ በቁጥር ውስጥ የተደበቀ ችግር አለ። ከቼሎው ዝቅተኛ ክር፣ ከዶ፣ ተነሥተን ንጹሕ አምስተኛዎችን ብንደረድር ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ብለን የቫዮሊኑ ሚ ላይ እንደርሳለን። ይህ ሚ ግን ከዚያው ዶ ጋር በአንድ አኮርድ (በአንድ ጊዜ በሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ውስጥ ሲሰማ ይሾላል፤ ከንጹሑ ሚ የሚበልጠው የግማሽ ድምፅን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ነው። ማለትም አራቱም መሣሪያቸውን ያለ ስሕተት ቢቃኙ እንኳ አብረው ሲጫወቱ ቅኝቱ ይፈርሳል። መፍትሔው እያንዳንዱን አምስተኛ በጥቂቱ ማጥበብ ነው፤ በተለይ የቪዮላውንና የቼሎውን ዶ ከፍ ማድረግ። የቀረውን ጣት እያዳመጠ ያስተካክለዋል። መድረክ ላይ ሲቃኙ ከምትጠብቁት በላይ ጊዜ ከወሰዱ በዚህ ምክንያት ነውና አትሰልቹ።

የመነሻው ላ ከፍታም መታወቅ አለበት። በመካከለኛው አውሮፓ ብዙዎች ከ440 ይልቅ 442 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ይጠቀማሉ። ኳርቴቱ ብቻውን ከሆነ ይህ የማንም ጉዳይ አይደለም። በፕሮግራሙ ላይ የድቮርዣክ የፒያኖ ኩዊንቴት (ፒያኖ ከአራቱ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) ካለ ግን የፒያኖ ቃኚው ቁጥሩን ከሳምንታት በፊት መስማት አለበት። በ440 የኖረን ፒያኖ በኮንሰርቱ ቀን ወደ 442 ማንሣት አያዋጣም፤ ክሮቹ ወደ ልማዳቸው መመለስ ይጀምራሉ፣ ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍልም በተዛባ ፒያኖ ይሰማል። ጊዜ ከሌለ ፒያኖውን ባለበት ማጥራትና ለእንግዶቹ መንገር ይሻላል፤ አራት ሰው ወደ ፒያኖው ይወርዳል፣ ፒያኖው ግን ወደ አራቱ በአንድ ቀን አይወጣም።

ቼኮቹ ይህን ከየት አመጡት

በቼኮች ምድር፣ በቦሄሚያና በሞራቪያ፣ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር የቤተ ክርስቲያኑም የሙዚቃ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ መሪጌታው ዜማ እንደሚያስተምር ሁሉ፣ እዚያ መምህሩ ፊደል ከሚያስቆጥራቸው ልጆች ጋር መዘምራንና ተጫዋቾችን ያወጣ ነበር። የያናቼክ አባትም አያትም እንዲህ ያሉ መምህራን ነበሩ። ድቮርዣክ የሥጋ ሻጭና የመሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያ እውቀቱን ያገኘው ከገጠር መምህራን ነው። ኋላ ፕራግ ገብቶ ከ1862 ጀምሮ 9 ዓመት ያህል በቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ እንጀራውን ያገኘው በቪዮላ ነበር፤ ከ1866 ጀምሮ ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረው ደግሞ ስሜታና ነው። ከመሃል ተቀምጦ ከላይም ከታችም ያለውን መስማት የለመደ ሰው ሲጽፍ መሃሉን ባዶ አይተወውም። በመግቢያው ላይ ለጠቀስነው ነገር ዋናው ምክንያት፣ በእኛ ግምት፣ ይኸው ነው።

በ1891 የፕራግ ኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች በቼሎ መምህሩ በሃኑሽ ቪሃን ሥር አንድ ኳርቴት አቋቋሙ። ካሬል ሆፍማንና ዮሴፍ ሱክ ቫዮሊን፣ ኦስካር ኔድባል ቪዮላ፣ ኦቶ ቤርገር ቼሎ ነበሩ። ቤርገር ሲታመም ቪሃን ራሱ ቦታውን ያዘ። «የቼክ ኳርቴት» ተብለው አውሮፓን ዞሩ፤ እስከ 1930ዎቹም ዘለቁ። አገራቸው ያኔ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበረች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በኮንሰርት መክፈቻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር መጫወት ግዴታ ሆነ። ሱክ በ1914 ከዚያ መዝሙር ጎን የሚቆም ሌላ ሥራ ጻፈ፤ በጥንቱ የቅዱስ ቫስላቭ መዝሙር ላይ የተመሠረተ፣ ሕዝቡና የሚመጣው ትውልድ እንዳይጠፋ የሚለምን የተመስጦ ሙዚቃ ነው። ዛሬ የቼክ ኳርቴቶች ይህን ሲጫወቱ ለማሳመር ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ መስመሩ አልተቋረጠም። በ1945 የተመሠረተው የስሜታና ኳርቴት እስከ 1989 ድረስ ተጫውቷል፤ የሚታወቀውም ኖታ ፊቱ ሳያስቀምጥ በቃሉ በመጫወቱ ነው። በ2002 የተመሠረተው የፓቬል ሃስ ኳርቴት ስሙን የወሰደው በብርኖ ከተወለደው የያናቼክ ተማሪ ነው። ፓቬል ሃስ በ1941 ናዚዎች አይሁድን ወዳጎሩበት ወደ ቴሬዚን ጌቶ ተወሰደ፤ በ1944 አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለ። በ1925 በጻፈው ሁለተኛ ኳርቴቱ መጨረሻ ላይ የጃዝ ከበሮ መግባቱን የሚያውቅ ሰው በመድረክ ላይ አምስተኛ ተጫዋች ሲያይ አይደነግጥም።

ሦስቱን ሥራዎች እንዴት እንስማ

ቤድርዢህ ስሜታና በ1874 ሁለቱም ጆሮዎቹ ደነቆሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ «ከሕይወቴ» ያለውን ኳርቴት በሚ ማይነር ጻፈ። አራት ክፍል አለው። መጀመሪያ አንድ ጠንካራ አኮርድ ይመታል፤ ወዲያው ሌሎቹ ዝቅ ብለው ሲያጉረመርሙ ቪዮላ ብቻዋን ትነሣለች። ዜማዋ ከላይ ወደታች ይወድቃል። ስሜታና እንደ ማስጠንቀቂያ ያሰበው ነው፤ ሊመጣ ያለው መከራ ገና በወጣትነት በር ሲያንኳኳ። ሁለተኛው ክፍል ፖልካ ነው፤ ጭፈራ የሚወድ ወጣት ያደረበት። ሦስተኛውን የሚከፍተው ቼሎ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ ኋላም ሚስቱ ሆና የሞተችበትን ሴት የሚያስብበት ነው። አራተኛው ክፍል በደስታ ይሮጣል፤ ሮጦ ሮጦ ድንገት ይቆማል። ሦስቱ ዝቅተኛ መሣሪያዎች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ አንደኛ ቫዮሊን ከ2,600 ኸርዝ በላይ የሆነች አንዲት ረጅም ሚ ይይዛል። የደንቆሮው ጆሮ ጩኸት ናት። ስሜታና መደንቆር ሲጀምር በጆሮው የሰማውን ፉጨት ለሰው እንዲሰማ አድርጎ ነው የጻፈው።

ለተጫዋቾች የዚህ ሥራ ችግር ሁለት ነው። አንደኛው ያች ሚ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጣቱ ቅንጣት ቢሳሳት ወይም ደጋኑ ቢጫን ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የፖልካው መካከለኛ ክፍል ነው፤ ክፍት ክሮች (ጣት ያልተጫናቸው) የማይረዱበት፣ ብዙ ቤሞል (ድምፅን በግማሽ የሚያወርድ ምልክት) ያለበት ቅኝት ስለሆነ አኮርዶቹ ንጹሕ ሆነው ለመቆም ያስቸግራሉ። በዘመኑ መጫወት አይቻልም ተብሎ ነበር። በ1878 ፕራግ ውስጥ በአንድ ወዳጅ ቤት ለጥቂት ሰዎች ሲሰማ ቪዮላውን የያዘው ድቮርዣክ ነበር። ለሕዝብ የቀረበው በ1879 ነው።

ድቮርዣክ በ1892 የኒው ዮርኩ ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆኖ አሜሪካ ሄደ። በ1893 ክረምቱን ያሳለፈው በአዮዋ ግዛት ስፒልቪል በምትባል የቼክ ሰፋሪዎች መንደር ነው። «አሜሪካ» የሚባለውን ፋ ሜጀር ኳርቴቱን ሰኔ 8 ጀምሮ በ3 ቀን ነደፈው፤ ሰኔ 23 ጨረሰው። ቫዮሊኖቹ የፋ አኮርድን እንደ ውሃ ሲያንቀጠቅጡ ቼሎው አንዲት ረጅም ድምፅ ይዞ ይቆያል። በሦስተኛው ባር (በኖታው ላይ ምቶች በሚከፋፈሉበት ክፍል) ላይ ቪዮላ ትገባለች። የኢትዮጵያ ጆሮ እዚህ ጋ ቀና ይላል። ዜማው የተሠራበት አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ክራር የሚመታ ሰው እነዚህን ድምፆች ቢደረድራቸው ትዝታ ሜጀር ይሆኑለታል። ድቮርዣክ ከእኛ ወሰደ ማለት አይደለም፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም አካሄዱ ሌላ ነው፤ ትዝታ የሚያርፍበትና የሚያስጌጥበት መንገድ እዚህ የለም። ቢሆንም ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የቀረበ በር የለም። በሦስተኛው ክፍል አንደኛ ቫዮሊን ላይ ከፍ ብሎ የሚሰማው ጭውጭውታ ድቮርዣክ ስፒልቪል ውስጥ የሰማው የወፍ ድምፅ ነው።

አጀማመሩ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ቫዮሊኖቹ መንቀጥቀጡን ካጠነከሩት ቪዮላዋ ትሰጥማለች። ጥሩ ኳርቴት ከሌላው የሚለየው በእነዚያ የመጀመሪያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሌኦሽ ያናቼክ ሌላ ሰው ነው። ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸው የሚወጣውንና የሚወርደውን በኪሱ በሚይዘው ደብተር ላይ በኖታ ይጽፍ ነበር፤ ሙዚቃውም እንደ ተቆራረጠ ንግግር ነው። አጭር ሐረግ፣ ዝምታ፣ ድንገተኛ ጩኸት። አንደኛውን ኳርቴት በ1923 በ69 ዓመቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጻፈው። ሁለተኛውን፣ «የቅርብ ደብዳቤዎች» የሚባለውን፣ በ1928 ጻፈ። ለሚወዳት ሴት ለካሚላ ሽቶስሎቫ ከጻፋቸው ከ700 በላይ ደብዳቤዎች የተወለደ ነው። በቪዮላው ቦታ መጀመሪያ ያሰበው ቪዮላ ዳሞሬን ነበር፤ ከደጋኑ ሥር ካሉት ክሮች በታች ሳይነኩ አብረው የሚያስተጋቡ ሌሎች ክሮች ያሉት ጥንታዊ መሣሪያ ነው፣ የስሙም ትርጉም «የፍቅር ቪዮላ» ነው። በልምምድ ሲሞከር ድምፁ አልበቃ ስላለ ወደ ተለመደው ቪዮላ ተመለሱ። ያናቼክ በነሐሴ ሞተ፤ ሥራው ለሕዝብ የቀረበው በመስከረም ነው። ደጋኑ በርኩማው ላይ ተጠግቶ መስታወት እንደሚቧጭር የሚያፏጭ ድምፅ ስትሰሙ ተጫዋቹ ተሳስቶ አይደለም፤ እንዲሁ ተጽፏል።

አዘጋጅ የሚሆን ሰው ማወቅ ያለበት

ኳርቴት የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ያ ጥቂት ግን መተኪያ የለውም። የእጅ ማስደገፊያ የሌላቸው፣ መቀመጫቸው ዝርግ የሆነ 4 ወንበሮች ያስፈልጋሉ። ማስደገፊያ ያለው ወንበር የደጋን ክንድን ይመታል፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ወንበር ደግሞ ቼሊስቱን ያሰቃየዋል። 4 ጠንካራ የኖታ ማስቀመጫዎች፣ የሚታጠፉት ቀጫጭኖቹ ያልሆኑ፣ ያስፈልጋሉ። ኖታቸውን በታብሌት የሚያነቡና ገጹን በእግር የሚገልጡ ስላሉ አስቀድሞ ጠይቁ። ብርሃን ከላይ ለአራቱም እኩል ይውረድ፤ ከፊት የሚመጣ የቲያትር መብራት ዐይናቸውን ስለሚወጋ መተያየት ያቅታቸዋል፣ መተያየት ካልቻሉ ደግሞ አብረው መጀመር አይችሉም። የቼሎው ሹል ብረት ወለሉ ላይ ይተከላል። እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ይንሸራተታል፤ ቁራጭ ምንጣፍ ወይም ከወንበሩ እግር ጋር የሚታሰር ጠፍር ይፈልጋል። ለአራቱም 3 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ቦታ ይበቃል። ተራርቀው እንዲቀመጡ አታድርጉ፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለጆሮ ግን ይጎዳል።

አቀማመጣቸውን እነሱ ይወስናሉ። ከግራ ሁለቱ ቫዮሊኖች ይቀመጡና ከቀኝ ጫፍ ቼሎ ወይም ቪዮላ ይሆናል። ቪዮላ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ድምፅ የሚወጣበት ገጹ ከታዳሚው ተመልሶ ወደ መድረኩ ጀርባ ይዞራል፤ ስለዚህ አንዳንዶች ወደ መሃል አስገብተው ቼሎውን ጫፍ ያደርጉታል። ከኋላቸው መጋረጃ ሳይሆን እንጨት ወይም ድፍን ግድግዳ ቢኖር ቪዮላው ወደ እናንተ ተመልሶ ይደርሳል። ማይክሮፎን አታስቡ። ከ200 እስከ 400 ሰው በሚይዝ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው፦ ማራገቢያው፣ ጄኔሬተሩ፣ በኮሪደሩ ያለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ። በዚያ ሰዓት በአካባቢው የሚሰማ ነገር ካለ፣ የደወልም ሆነ የአዛን ሰዓት፣ አይታችሁ የመጀመሪያውን ደቂቃ ወስኑ። አዳራሹን ከኮንሰርቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስጧቸው። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላው ልብስና አካል ድምፁን ይጠጣዋል፤ እነሱም ይህን አስልተው ነው የሚለማመዱት።

እንጨት አየሩን ይከተላል። ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚስማማው እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። በበጋ ወራት ደረቅ የቀን አየር ባለው ደጋ ከተማ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ፣ እንጨቱ ይሸማቀቅና መቃኛዎቹ እየተንሸራተቱ ክሩ ይላላል፤ ሲብስ የሆዱ ስፌት ይከፈታል። ስፌቱ የተያያዘው ከእንስሳ ቆዳ በተሠራ ሙጫ ነው፤ ሆን ተብሎ ከእንጨቱ የደከመ ተደርጓል፣ እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ስፌቱ ይለያይ ተብሎ። መለበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰፋ ባለ ሳፋ ውሃና እርጥብ ፎጣ ማስቀመጥ ቀላል ነገር ነው፤ ይረዳልም። መሣሪያ በመኪና የኋላ የዕቃ መጫኛ፣ በፀሐይና በማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ቫዮሊንና ቪዮላ በእጅ ይያዛሉ፤ ቼሎ ግን የራሱ ትኬት ያስፈልገዋል። የ4 ሰው ጉዞ 5 መቀመጫ ማለት ነው፤ በጀት ሲሠራ ይህ ይረሳና ኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል። ደጋኖቹም ወረቀት ሊጠየቅባቸው ይችላል። ጥሩ ደጋን የሚሠራው በብራዚል ከሚበቅለው የፔርናምቡኮ ዛፍ ነው፤ ዛፉ በመመናመኑ ከ2007 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የድሮ ደጋን ጫፍ ላይ የዝሆን ጥርስ ካለ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። ለመሣሪያ የሚሰጥ የ3 ዓመት የመንቀሳቀሻ ሰነድ አለ። ሰነድ የሌለው ተጫዋች ውዱን ደጋን ቤቱ ትቶ በካርቦን የተሠራ ይዞ ይመጣል።

በመካከሉ ክር ሊበጠስ ይችላል። የቫዮሊን ሚ ቀጭን ብረት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው። ተጫዋቹ ተነሥቶ ይወጣል፣ ቀይሮ ይመለሳል፤ ክፍሉን ከመጀመሪያው ይደግሙታል። አዲስ ክር እየተለጠጠ ስለሚወርድ ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ ሲቃኝ ብታዩት አትደነቁ።

ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከእረፍት በፊት አንድ የሃይድን ሥራና አንድ የያናቼክ፣ ከእረፍት በኋላ ድቮርዣክ ወይም ስሜታና ይሆናል፤ በድምሩ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ሙዚቃ ነው። በክፍሎቹ መካከል አይጨበጨብም። የአንድ ሥራ አራቱ ክፍሎች አንድ ንግግር ስለሆኑ ጭብጨባው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ያሉትን ክፍሎች ቁጠሩ። አሜሪካው ኳርቴት በድምቀት ስለሚያልቅ መጨረሻው አያሳስትም። «ከሕይወቴ» ግን አይጮኽም፤ ያች ሚ ካለፈች በኋላ የድሮዎቹ ዜማዎች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ሙዚቃው እየደከመ ይሄድና ክሮቹ በጣት በቀስታ ተነክተው ያበቃል። እዚያ ጋ የአራቱም ክንድ ከመሣሪያው እስኪወርድ ድረስ እጃችሁን ያዙ።